ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል
(ታናናሾቻችንን ለዩኒቨርሲቲ ስለ ማዘጋጀት)

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር ከመኝታ ክፍላችን እስከ ምግብ አዳራሹ ድረስ አንድ ዓይነት ንግግር ይሰማል። «የዘንድሮ ልጆች ምን ነካቸው?» ይባላል፤ ጥቂት ይሳቃል፤ ጥቂት ይታዘናል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ይረሳል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ነገሩ እንዲህ በቀላሉ እንዳይረሳ ብለን ነው። ዓላማችን መውቀስ ሳይሆን ማስረዳት ነው፤ ይኸውም አንድ ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት የሚዘጋጀው እንዴት እንደ ሆነ፣ የሚደናቀፈው በምን ምክንያት እንደ ሆነ፣ በሩን አልፈን የገባነው እኛስ ምን ልናደርግለት እንደምንችል ለመግለጽ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 27,267 ሲሆኑ ከመቶ 3.2 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 36,409 (ከመቶ 5.4)፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 (ከመቶ 8.4) አለፉ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በዚህ በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና አንድ በላይ የሚሆኑት ከመስመሩ በታች መቅረታቸውን ልብ ይሏል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ሌላ ቁጥር ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። እንግዲህ «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይፈርሳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰነፍም ጎበዝም ይኖራል። በአንድ ሺሕ ሦስት መቶ ሃያ ስምንት ትምህርት ቤት ውስጥ ግን አንድ ጎበዝ ልጅ እንኳ አልተፈጠረም ብሎ የሚያምን ሰው አለን? የለም። የጎደለው አእምሮ ሳይሆን ዝግጅት ነው፤ ዝግጅትም የሚጎድለው በፈተናው ዋዜማ ሳይሆን ከዚያ ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

1ኛ. መሰናክሉ የሚጀምረው ከዘጠነኛ ክፍል ነው

እንደሚታወቀው በአገራችን ተማሪው አንደኛ ደረጃን በአብዛኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛም ይሁን ሌላ፣ ሲማር ቆይቶ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ትናንት እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ነበረ፤ ዛሬ ግን የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የሒሳቡም በር ሆነ። በሩን መክፈት ያቃተው ልጅ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሀብት ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ ጊዜ ልጁ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሳይገባው ይሸመድዳል። «ስፒድ ኢኩዋልስ ዲስታንስ ኦቨር ታይም» ብሎ እንደ ዳዊት ይደግማል፤ ነገር ግን «አንድ መኪና በሁለት ሰዓት ተኩል 150 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰዓት ስንት ይሄዳል?» ብላችሁ በገዛ ቋንቋው ብትጠይቁት ዝም ይላል። ይህ ልጅ ሞኝ አይደለም። ቃሉን እንጂ ነገሩን የሰጠው ሰው አላገኘም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ሐሳቡን አስቀድሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲረዳ ማድረግ ነው። መቶ ሃምሳውን ለሁለት ተኩል ሲያካፍልና ስድሳ ሲያገኝ፣ ስድሳውም በአንድ ሰዓት የሚሄደው ርቀት መሆኑን ሲያውቅ፣ ያን ጊዜ የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ትርጉም ያገኛል። ሁለተኛው፣ የቃላት ደብተር ነው። ተማሪው በየቀኑ ከሚማራቸው መጻሕፍት አምስት አዲስ ቃላት አውጥቶ በግራ በኩል ቃሉን፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙን፣ ከሥርም አንድ የራሱን ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። የትምህርት ዓመቱን ሁለት መቶ ቀን ብናደርገው፣ በዓመት አንድ ሺሕ ቃል፣ በአራት ዓመት አራት ሺሕ ቃል ይሆናል። ይህ ከአንድ ደብተርና ከአንድ ብርዕ በቀር ምንም ወጪ የለበትም። በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ፣ በአንድ ወር ውስጥ አራት ሺሕ ቃል ላጥና የሚል ሰው ግን ከንቱ ይደክማል።

2ኛ. ሒሳብ መሰላል ነው

ታሪክንና ጂኦግራፊን የሚማር ልጅ አንድ ምዕራፍ ቢያመልጠው የሚቀጥለውን ምዕራፍ አንብቦ ሊረዳ ይችል ይሆናል። ሒሳብ ግን እንዲህ አይደለም። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ እኩልታ አይገባውም፤ እኩልታ ያልገባው ፈንክሽን አይገባውም፤ ፈንክሽን ያልገባው ካልኩለስን በሩቁ ይሳለመዋል። ፊዚክስና ኬሚስትሪም ከዚሁ መሰላል ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ስለዚህ አንድን የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ለመርዳት የሚነሣ ሰው የዐሥራ አንደኛውን መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት «መሰላሉ የተሰበረው የት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህን ለማወቅ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ የተውጣጡ ሃያ ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ስለ ክፍልፋይ፣ ስለ አሉታዊ ቁጥር፣ ስለ መቶኛ፣ ስለ ቀላል እኩልታ። ልጁ የተሳሳተበት ቦታ ሲገኝ ከዚያ መጀመር ነው። ብዙ ልጆች ወደ ታችኛው ክፍል መጽሐፍ መመለስን እንደ ውርደት ይቈጥሩታል፤ ነውር አለመሆኑን መንገር የታላቅ ወንድምና የታላቅ እኅት ፈንታ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለምን?

የትምህርት መስክ ምርጫም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪው ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይመርጣል። ይህን ምርጫ ብዙው ልጅ የሚመርጠው ጓደኛው ስለ መረጠ፣ ወይም ቤተ ሰቡ «ዶክተር ትሆናለህ» ስላሉት ነው። ከምርጫው በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ቁጭ አድርጎ «የትኛውን ትምህርት ማንም ሳያዝዝህ ታነባለህ? በየትኛውስ ውጤትህ ይሻላል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ቦታው ከመድከም ይድናል።

3ኛ. ማንበብ ሁሉ ማጥናት አይደለም

ከጥናት ስልት ሁሉ በወጣቶች ዘንድ የተለመደው አንድን ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ነው። ደብተሩ በቀይና በሰማያዊ ይሰመርበታል፤ ገጹ እስኪያልቅ ይገለጣል፤ ልጁም «ገብቶኛል» ይላል። ነገር ግን ዓይን የለመደው ነገርና አእምሮ የያዘው ነገር የተለያዩ ናቸው።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ባወጣው ጥናት፣ ራሱን እየፈተነ ሰው የተማረውን ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳ መዝኖ ነበር። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እያጠና ከጊዜ በኋላ ራሱን ሲፈትን፣ መርሳቱ እጅግ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደ ሆነ፣ ከአንድ ቀን በኋላም የሚበዛው ክፍል እንደሚጠፋ አገኘ። በ2006 ደግሞ (አሁንም በፈረንጆች አቆጣጠር) ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለይተው አንዱን ወገን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ አስነበቡት፤ ሌላውን ወገን አንድ ጊዜ ብቻ አስነብበው ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት ከመቶ 40 ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት ከመቶ 61 ያህሉን አስታወሱ። ፈተና ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

ይህ ለእኛ አገር ፈጽሞ አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቀን የተቀጸለውን ማታ በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳያይ፣ ለመምህሩ ወይም ከእርሱ ለሚበልጠው ተማሪ በቃሉ ያሰማል። ሲሳሳት ይታረማል፤ ሳይሳሳት ሲወጣው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከፍ ያለውም ተማሪ ዝቅ ያለውን እያስቀጸለ የራሱን ያጸናል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ውስጥ ከዚህ ልማድ የወሰድነው መሸምደዱን ብቻ ሲሆን፣ መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መፈተኑንና ለሌላው ማስረዳቱን ግን ጣልነው።

ስለዚህ ለታናናሾቻችን የምናስተምረው ሥርዐት ይህን ይመስላል። አንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይነበባል። መጽሐፉ ይዘጋል። በባዶ ወረቀት ላይ የሚታወሰው ሁሉ ይጻፋል። መጽሐፉ ይከፈትና የጎደለውና የተሳሳተው በሌላ ቀለም ይታረማል። ይኸው ሥራ በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወርም በኋላ ይደገማል። በመጨረሻ ተማሪው ለጓደኛው በቃሉ ያስረዳል፤ ማስረዳት ያቃተው ቦታ ያልገባው ቦታ ነው።

4ኛ. ስለ ጊዜ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ቤት ሥራ ጫና

የፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ በቡና መቀመጥ እንደ ጀግንነት ይቈጠራል፤ በአንዳንድ ቦታም ጫት የጥናት ጓደኛ ተደርጎ ይታያል። የእንቅልፍ ሐኪሞች ግን ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላሉ። አእምሮ ቀን የተቀበለውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና፣ ሳይተኙ ማጥናት በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ለአራት ዓመት ያጠና፣ ለአንድ ወር ሌት ተቀን ካጠናው ይበልጣል።

ነገር ግን «አጥኑ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ጊዜውን ከየት ያመጡታል? በገጠር ወንዱ ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ በክረምት ከእርሻው ላይ ነው። ሴቷ ልጅ ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ትጋግራለች፤ ታናናሾቿን ታዝላለች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱት በአንድ ሰዓት ቢሆንም፣ ወንድሟ ደብተሩን ሲገልጥ እርሷ ምጣዱን ትጥዳለች። ከዚህ በኋላ ውጤቷ ዝቅ ቢል ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ለመለወጥ የሚቻለው ከወላጅ ጋር በመነጋገር ነው። ከከፍተኛ ትምህርት ቤት የመጣ ሰው በመንደሩ ይከበራል፤ ይህን ክብር ለልጆቹ ጥቅም ማዋል ይገባናል። እናቶችንና አባቶችን በአክብሮት ቀርቦ «እማማ፣ ለልጅዎ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ይፍቀዱላት፤ ሥራውን ከወንድሟ ጋር ያካፍሏት» ብሎ መለመን ነውር የለበትም። ከትልቅ ንግግር ይልቅ እንዲህ ያለው ቁርጥ ያለ ልመና ይሰማል።

5ኛ. ስለ ፈተናው

ፈተናው በየትምህርት ቤቱ በሚሰጥበት ዘመን መኮራረጅ በዝቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ጭራሽ ጥያቄው አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና እስከ መሰጠት ደርሶ ነበር። በዚያ ልማድ ውስጥ ያደገ ወንድም ለታናሹ የሚያወርሰው ምክር «ከጎበዝ አጠገብ ተቀመጥ» የሚል ነበር። ዛሬ ብዙ ተፈታኝ ከቤቱ ወጥቶ፣ ስልክ ሳይዝ፣ በማያውቀው ግቢ አድሮ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተቀምጦ ይፈተናልና ይህ ምክር ሞቷል። በቦታው ሌላ ምክር ልንተካለት ይገባል።

ይኸውም የቀድሞ ፈተናዎችን በሥርዐት መሥራት ነው። ብዙዎቹ የፈተና ወረቀቱን የሚይዙት መልሱን ለመሸምደድ ነው፤ ያው ጥያቄ ግን ተመልሶ አይመጣም። ትክክለኛው አሠራር ሰዓት ይዞ፣ ብቻን ተቀምጦ፣ እስከ መጨረሻው መሥራት ነው፤ ከዚያም የተሳሳቱትን ጥያቄዎች ለይቶ «ይህን የሳትኩት ትምህርቱን ስለማላውቅ ነው? እንግሊዝኛው ስላልገባኝ ነው? ወይስ ስለ ተቻኮልኩ ነው?» ብሎ በሦስት መክፈል ነው። ሦስቱ በሽታዎች ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች አሏቸው።

ልጁ ወደ ፈተናው ከመሄዱ በፊትም ግቢው ምን እንደሚመስል፣ የት እንደሚተኛ፣ ምን ይዞ እንደሚሄድ መንገር ይገባል። ከአውራጃው ከተማ አልፎ ለማያውቅ ልጅ የዩኒቨርሲቲ በር ራሱ ያስፈራል፤ ፍርሃትም ያወቁትን ያስረሳል።

6ኛ. መግባት ብቻ ግብ አይደለም

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ትምህርት ከመስመሩ በታች ከቀሩት መካከል የተመረጡትን ተቀብሎ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዲበረቱ ይሞክራል። መልካም ነው፤ ነገር ግን የአራት ዓመት ጉድለት በአራት ወር እንደማይሞላ የምናውቀው አብረናቸው የምንኖር እኛ ነን። በቀጥታ ያለፉትም ቢሆኑ የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳቸዋል። በሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ማስታወሻ በሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር፤ እዚህ ተናግሮ ይወጣል። እዚያ ወላጅ «ደብተርህን ያዝ» ይል ነበር፤ እዚህ ማንም አይልም። ነፃነቱ ጣፋጭ ነው፤ ሒሳቡ የሚመጣው በሴሚስተሩ መጨረሻ፣ ነጥቡ ከ2.00 በታች ሲወርድ ነው።

ስለዚህ ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ነገር አስቀድመን እናስለምደው። መምህሩ ሲናገር በራሱ ቃል ማስታወሻ መያዝ፤ ከአንድ መጽሐፍ በላይ ማየት፤ ያልገባውን እጁን አንሥቶ መጠየቅ። ይህ ሦስተኛው በአስተዳደጋችን ምክንያት ከሁሉ የሚከብደው ነው። በታላቅ ፊት ዝም ማለትን ጨዋነት ነው ብለን አድገናል፤ በክፍል ውስጥ ግን ዝም ያለ ተማሪ ባዶውን ይወጣል።

ምን እናድርግ?

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወርዶ እንዲያገለግል የሚያዝ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል ሥርዐት ተጀምሮ ነበር። የሚበዙትም በየትምህርት ቤቱ መምህራን ሆነው አገልግለዋል። ያ ሥርዐት ዛሬ የለም። ነገር ግን ክረምት አለ፤ እያንዳንዳችንም የመጣንበት ቀበሌ አለ።

እንግዲህ የምናሳስበው ይህ ነው። ለክረምት ወደየአገሩ የሚሄድ እያንዳንዱ አባል ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ልጆች ይያዝ፤ በተለይም ስምንተኛን ጨርሰው ዘጠነኛ የሚገቡትን፤ ከእነርሱም ግማሹ ሴቶች ይሁኑ። ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን አርባ ስምንት ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያው ሳምንት መሰላሉ የተሰበረበትን ለመፈለግ፤ የሚቀጥሉት አምስቱ ሒሳብንና የእንግሊዝኛን ቃላት ለመጠገን፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መጽሐፍ ዘግቶ ራስን መፈተንን ለማስለመድ ይዋሉ። በገጠር ክረምት የእርሻና የአረም ጊዜ ነውና ቀኑ ከወላጆች ጋር ይመከርበት፤ እርሻ የማይታረስበት የበዓል ቀንና የእሑድ ከሰዓት በኋላ ይመረጥ። ለቦታው የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ማነጋገር ነው፤ ክፍሎቹ በክረምት ባዶ ናቸው። ለመጻሕፍቱ ደግሞ እያንዳንዳችን በቤታችን ያስቀመጥነውን የድሮ ደብተርና መጽሐፍ ይዘን እንሂድ፤ አይጥ ከሚበላው ልጅ ይማርበት።

አንድ ሺሕ ተማሪ ለአምስት አምስት ልጅ ቢደርስ አምስት ሺሕ ልጆች ናቸው። ከ1,328ቱ ትምህርት ቤቶች አንዱ በእናንተ ወረዳ ሊሆን ይችላል። እዚያ አንድ ልጅ ቢያልፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሥሩ ያሉት «ይቻላል እንዴ?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ፤ ያም ልጅ በተራው ክረምት ሲመጣ አምስት ይይዛል።

ክረምቱ ሩቅ አይደለም። ፈቃደኛ የሆናችሁ አባላት ስማችሁንና የምትሄዱበትን ወረዳ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ በአንድ ወረዳ የምትገኙም አስቀድማችሁ ተገናኝታችሁ ሥራውን ተከፋፈሉ።